የዛፍ ዘር ለቅመን ለመሸጥ፦ መለያው ላይ ምን ይጻፍ? ማንስ ያረጋግጣል?

ቦርከና ችግኝ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ በማኅበር ተደራጅተን ችግኝ እናፈላለን። እስካሁን ዘር ገዢዎች ነን፤ ከመጪው የመልቀሚያ ወቅት ጀምሮ ግን የጥድ፣ የዋንዛና የግራቪሊያ ዘር ለቅመን፣ አጽድተንና አሽገን ለሌሎች ችግኝ ጣቢያዎች ማቅረብ አስበናል። ገበያ ላይ የሚገኘው የዛፍ ዘር አብዛኛው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ፣ በእስክሪብቶ «ጥድ 5 ኪሎ» ተብሎ የሚሸጥ ነው። ከየት እንደተለቀመ፣ መቼ እንደተለቀመ፣ ከመቶ ስንቱ እንደሚበቅል የሚናገር ነገር የለበትም። እኛ እንደዚያ መጀመር አንፈልግም።

ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው። የዘር አዋጁ የሚያወራው ስለ ስንዴና በቆሎ ይመስላል፤ የዛፍ ዘርንም ይመለከታል ወይ? ለመሸጥ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የሚሰጠውስ ማን ነው? መለያው ላይ የግድ መጻፍ ያለበት ምንድን ነው? ለምርመራ ናሙና እንዴት ይወሰዳል? ከየጎፍ ደን መልቀምስ ይቻላል? አንድ የደሴ ገዢ «የምስክር ወረቀት ያለው ዘር ካልሆነ አልቀበልም» ብሎናል፤ ምን ዓይነት ምስክር ወረቀት ማለቱ እንደሆነም ብታብራሩልን።

ደንብና መመሪያ (ደሴ)

ከሕጉ ልጀምር። አሁን የሚሠራበት የዘር አዋጅ ቁጥር 1288/2015 ነው፤ የ782/2005ን የተካው። ከዚያ በፊት 206/1992 ነበር። በእጃችሁ የቆየ ቅጂ ካለ የትኛው እንደሆነ ቁጥሩን አይታችሁ አንብቡ፤ በ782 ዘመን የተዘጋጁ የሥልጠና ጽሑፎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። የደን ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለው። የዛፍ ዘር በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነገር ስለሆነ ሁለቱንም ማንበብ ግድ ይላችኋል፦ ዘሩ ከመሬትና ከዛፍ ሲወሰድ የደን ሕግ፣ ታሽጎ ለገበያ ሲወጣ የዘር ሕግ።

የዘር ሕጉ ለእህል ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ስህተት ነው። ግን እንዲህ የሚያስመስለው ነገር አለ። የሕጉ አካሄድ የተገነባው በተለቀቀና በተመዘገበ ዝርያ ላይ ነው፤ አራቢ ዘር፣ ቅድመ መሥራች፣ መሥራች፣ የተመሰከረለት እየተባለ በትውልድ ይወርዳል። የሐበሻ ጥድ ወይም ኮሶ ግን የተመዘገበ ዝርያ የለውም፤ ያለው ምንጭ ነው፤ ዘሩ የተለቀመበት ደን ወይም ቦታ ማለት ነው። የጥድ ዘር ከረጢት ላይ «የዝርያ ስም» እና «የዘር ደረጃ» የሚሉ ክፍት ቦታዎች ባዶ የሚቀሩት፣ አንዳንዱም የመሰለውን የሚሞላባቸው ለዚህ ነው። በእነዚያ ሁለት ቦታዎች መግባት ያለበት የዘሩ ምንጭና የምንጩ ዓይነት ነው።

ፈቃድን በተመለከተ፦ ዘር አምርቶ፣ አዘጋጅቶ ወይም አከፋፍሎ መሸጥ የብቃት ማረጋገጫ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ሥራችሁ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ የምታመለክቱት ለክልሉ የግብዓት ጥራት ቁጥጥርና ኳራንታይን መሥሪያ ቤት ነው፤ ወደ ሌላ ክልል የምትልኩ ወይም የምታስመጡ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ይሄዳል። የብቃት ማረጋገጫው ከንግድ ፈቃዱ ይቀድማል። ገበሬ ለራሱ ያስቀረውን ዘር መዝራቱና ከጎረቤቱ ጋር መለዋወጡ በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገባም፤ እናንተ ግን በማኅበር አሽጋችሁ ስለምትሸጡ «እኛም ገበሬዎች ነን» ማለት አያዋጣም።

ገዢው የጠየቃችሁን በሁለት ከፍላችሁ ተረዱት። የብቃት ማረጋገጫ የእናንተን የድርጅቱን ብቃት ነው የሚናገረው፤ መጋዘን፣ ባለሙያ፣ ማድረቂያና ማበጠሪያ አላችሁ ማለት ነው። ስለ ከረጢቱ ምንም አይናገርም። ስለ ከረጢቱ የሚናገረው የምርመራ ውጤት ነው፤ እሱም ለአንድ ሎት፣ ማለትም ከአንድ ምንጭ በአንድ ወቅት ለተለቀመ ዘር፣ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተገኘ የምርመራ ወረቀት ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ከየዓመቱ ዘር ጋር ማያያዝ የተለመደ ነገር ሆኗል፤ ይህ ገዢን ማታለል ነው። ገዢያችሁ ሁለቱንም ይጠይቃችሁ፣ እናንተም ሁለቱን ለይታችሁ አቅርቡ።

ከየጎፍ ስለመልቀም፦ የደን አዋጁ ደንን በአራት ባለቤትነት ይከፍለዋል፤ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት። የመንግሥት ደን ከሆነ ከሚያስተዳድረው አካል የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ ጆንያ ይዞ መግባት አይቻልም። ፈቃዱ ላይ የዛፉ ዓይነት፣ መጠኑ፣ የመልቀሚያው ጊዜ ይጻፍ፤ ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ እንደሚለቀምም ይገለጽ። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ቅጥር ዛፎችም ባለቤት አላቸው፤ ከአስተዳዳሪው የተፈረመ ወረቀት ያዙ። ይህ ወረቀት ኋላ የምንጭ ማስረጃ ስለሚሆናችሁ ሁለት ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ዘር ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚጠይቃችሁ ሰው ከመጣ ግን ቆም በሉ። ያ በጄኔቲክ ሀብት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድ) አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሥር ይወድቃል፤ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይኖር «ለናሙና ግማሽ ኪሎ» እንኳ አይላክም። የምታስመጡ ከሆነም የማስገቢያ ፈቃድ ዘሩ ከመጫኑ በፊት መያዝ አለበት፤ ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ጋር። ዘሩ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ መሮጥ የሚያተርፈው የመጋዘን ኪራይ ነው።

ላብራቶሪ 103

እኔ ስለ ናሙናና ስለ ቁጥሮቹ። ምርመራው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ናሙናው ሎቱን ካልወከለ ውጤቱ ስለዚያች ናሙና ብቻ ነው የሚናገረው። የዓለም አቀፉ የዘር ምርመራ ማኅበር፣ ኢስታ የሚባለው፣ ከ15 እስከ መቶ ኪሎ ለሚይዙ ከረጢቶች እንዲህ ያዛል፦ ከ1 እስከ 4 ከረጢት ካላችሁ ከእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ከ5 እስከ 8 ከሆነ ከእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ፤ ከ9 እስከ 15 ከሆነ ከእያንዳንዱ አንድ ጊዜ። ከላይ፣ ከመሀልና ከሥር ይወሰድ። ከላይ ብቻ በእጅ ዘግኖ መላክ ውጤቱን ያዛባል፤ ከረጢት ሲጓጓዝ ከባዱ ዘር ወደ ታች፣ ገለባና ባዶ ዘር ወደ ላይ ይወጣልና። የተቀዳው ሁሉ ይደባለቅና እኩል እየተከፈለ እስከሚፈለገው መጠን ይቀነሳል። ለእርጥበት የሚላከው ናሙና ግን ከዚህ ተለይቶ ወዲያው አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ። በወረቀት ፖስታ የተላከ የእርጥበት ናሙና የመንገዱን አየር ነው የሚለካው።

ላብራቶሪው ሦስት ነገር ይሰጣችኋል። አንደኛው ንጽህና ነው፦ ንጹሕ ዘር፣ ሌላ ዘር፣ ባዕድ ነገር፤ ድምሩ መቶ ይሆናል። ሁለተኛው እርጥበት፦ ዘሩ ተመዝኖ በ103 ዲግሪ ምድጃ ለ17 ሰዓት ያህል ይደርቅና እንደገና ይመዘናል። ሦስተኛው ብቅለት፦ ከንጹሑ ዘር 400 ፍሬ ተቆጥሮ በአራት ምድብ፣ መቶ መቶ ሆኖ ይዘራል። የብቅለት ሪፖርቱን ስታነቡ አንዷን ቁጥር ብቻ አትዩ። ጤናማ ችግኝ፣ ጎዶሎ ችግኝ፣ ጠንካራ ዘር፣ ያልበቀለ ግን ትኩስ የሆነና የሞተ ዘር ተብሎ ይለያል። የግራር ወገን ላይ «ጠንካራ ዘር» የሚለው ቁጥር ከፍ ካለ ዘሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ቅርፊቱ ውኃ አላስገባም፤ በፈላ ውኃ ማከም ይፈልጋል። ጥድ ላይ ግን ከሞተው ብዙው ባዶ ነው፣ መድኃኒትም የለውም።

ዋንዛ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የምትቆጥሩት በፍሬው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ነው፤ በአንዱ ውስጥ ከአንድ በላይ ዘር ሊኖር ይችላል። ከአንድ ድንጋይ ሁለት ችግኝ ቢወጣም በምርመራ የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው። መደብ ላይ የበቀለውን ሁሉ ቆጥሮ «ብቅለት 130 በመቶ» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ካያችሁ መለኪያውን አያውቀውም ማለት ነው።

ጥድ ቀስ ብሎ ስለሚበቅል የብቅለት ምርመራው ሳምንታት ይፈጃል። ሎቱን ወደ ላብራቶሪ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ በምላጭ ፈትሹ። መቶ ፍሬ ያለ ምርጫ ቆጥራችሁ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁ። ደህናው ዘር ውስጡ ነጭ፣ ጥጥር ያለና ቅርፊቱን የሞላ ነው፤ መሀሉ ላይ ቀጭን ፅንስ ይታያል። ባዶው ሲሰነጠቅ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ወይም ቡናማ ሙጫ የመሰለ ነገር ተጣብቆበታል። ከመቶው ሠላሳው ብቻ ሙሉ ከሆነ ላብራቶሪ ከዚያ በላይ አይሰጣችሁም፤ በውኃ አንሳፍፋችሁ የተንሳፈፈውን ጣሉና የሰመጠውን አድርቃችሁ እንደገና ቁረጡ። ፈጣን መልስ ከፈለጋችሁ የቴትራዞሊየም ምርመራ አለ፤ ሕይወት ያለውን ክፍል ቀይ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ደን ልማት የዛፍ ዘር ላብራቶሪ ስለ አገር በቀል ዛፎች ከሰብል ላብራቶሪ የተሻለ ልምድ አለው፤ ወደ ክልሉ ላብራቶሪ ከመላካችሁ በፊት የዛፍ ዘር ይሠሩ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ።

እናት ዛፍ

እህቴም ወንድሜም፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ብቅለት 90 በመቶ የሆነ ዘር መጥፎ ዘር ሊሆን ይችላል። አንድ ለቃሚ፣ ለመልቀም ቀላል የሆነ፣ ዝቅ ያለ፣ ጎባጣ ዛፍ ፍሬ በፍሬ ስለሆነ ብቻ ከሥሩ ጆንያ ሞልቶ ቢወጣ፣ ዘሩ ጥሩ ይበቅላል። ጉዳቱ የሚታየው ችግኙ ተተክሎ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሻጩ የለም፣ ከረጢቱ የለም። ለዚህ ነው በዛፍ ዘር ላይ ከብቅለት ቁጥር ይልቅ የምንጭ መስመር ይበልጣል የምለው።

ከምንጩ የሚመዘገበው፦ ቦታው እስከ ቀበሌ፣ የጂፒኤስ ነጥቡ፣ ከፍታው፣ የተፈጥሮ ደን ይሁን የተተከለ፣ ስንት እናት ዛፍ እንደተለቀመ። ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ዛፍ ይለቀም፤ በእናት ዛፎቹ መካከል ከ50 እስከ 100 ሜትር ይኑር። የተጠጋጉት ወንድምና እህት የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ከእያንዳንዱም ተመጣጣኝ መጠን ይወሰድ፤ ሠላሳ ዛፍ ጽፎ ከሁለቱ ብቻ ጆንያ መሙላት ያው የሁለት ዛፍ ዘር ነው።

ጥድ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው። ፍሬ የሚሰጠው ሴቷ ናት። ለብቻዋ ቅጥር ውስጥ የቆመች ጥድ ፍሬ ሞልታ ልታገኟት ትችላላችሁ፤ በአቅራቢያዋ ወንድ ከሌለ ግን ዘሯ አብዛኛው ባዶ ነው። ከላይ የተባለው የምላጭ ፍተሻ ይህን ያወጣዋል። ፍሬው ሰማያዊ ወደ ጥቁር ሲጠጋ ልቀሙ፤ አረንጓዴው ገና ነው። ኮሶም እንደዚሁ ወንድና ሴት አለው፤ ቀላ ያለ ዘለላ ያላትን ሴቲቱን ነው የምትለቅሙት። ግራቪሊያ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲዞር ወዲያው ካልተለቀመ ተከፍቶ ክንፍ ያለውን ዘር ነፋስ ይወስደዋል። ቀድሞ የተለቀመው ደግሞ ያልበሰለ ነው።

ከፍታን አታቃልሉት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው፤ መንገዱ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ ሳለ ሁለት የተለያየ አየር ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ለደሴና ለጦሳ ተራራ ግርጌ ነው፤ ለኮምቦልቻና ለቃሉ ቆላ ቀመስ መሬት ቀይ ባሕር ዛፍ ነው የሚሻለው። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ» ብቻ የሚል መለያ ለገዢው ምንም አይነግረውም። «ጥድ»ም እንደዚያው ነው፤ የሐበሻ ጥድ ይሁን የፈረንጅ ጥድ? የጎፍ ላይ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ሳይንሳዊ ስሙ መለያው ላይ ይግባ፦ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ወይም ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ።

ለምንጭ ደረጃ አወጣጥ የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) የደን ዘር ሥርዓት ጥሩ አርአያ ነው። አራት ደረጃ በአራት ቀለም አለው፦ ቢጫ፣ ምንጩ የታወቀ፤ አረንጓዴ፣ ከተመረጠ ደን የተለቀመ፤ ሮዝ፣ ከዘር ማፍሪያ ማሳና ከመሳሰለው የተገኘ፤ ሰማያዊ፣ በንጽጽር ሙከራ ብልጫው የተረጋገጠ። እናንተ የምትጀምሩት ከቢጫው ነው፣ እሱም አያሳፍርም። አረንጓዴ ለማለት ደኑ በባለሙያ ታይቶ በቁመናውና በጤናው መመረጥ አለበት። «ምርጥ ዘር» የሚል ቃል ያለ ማስረጃ ከረጢት ላይ አትጻፉ።

ቦርከና ችግኝ (ኮምቦልቻ)

አላህ ይስጥልን፤ ብዙ ነገር ነው ያበራችሁልን። ሦስት ነገር ቀረን። ከኩታበርና ከየጎፍ የተለቀመ ጥድ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ከሆነ ደባልቀን አንድ ሎት ማድረግ እንችላለን? ሳይሸጥ የከረመ ዘር ያው መለያውን ይዞ ይሸጣል? ገዢ «ለ20,000 ችግኝ ስንት ኪሎ ልውሰድ» ሲለን ከመለያው ተነስተን እንዴት እንመልስለት?

ላብራቶሪ 103

ሦስተኛውን ላስቀድም፣ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት እሱ ላይ ነው። በኪሎ ያለው የንጹሕ ዘር ብዛት × ንጽህና × ብቅለት × ጣቢያው ላይ የሚተርፈው። ጥድ በኪሎ 45,000 ገደማ ብንለው፣ ንጽህናው 90 በመቶ፣ ብቅለቱ 40 በመቶ፣ ከበቀለው 70 በመቶው ለተከላ ይደርሳል ብንል፦ 45,000 × 0.9 × 0.4 × 0.7 = 11,340 ችግኝ በኪሎ። 20,000ን ለዚህ ስታካፍሉ 1.8 ኪሎ ያህል ነው። ብቅለቱ 15 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን 4.7 ኪሎ ይፈልጋል። ርካሽ የሚመስለው ዘር በኪሎ ዋጋው ሳይሆን በሚወጣው ችግኝ ዋጋ ይመዘን። መለያው ላይ «በኪሎ ስንት ፍሬ» የሚለው መስመር የሚገባው ለዚህ ስሌት ነው።

ባሕር ዛፍ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። ዘሩና ገለባው በመጠን ስለሚመሳሰል ለይቶ ንጽህና ማውጣት አድካሚ ነው። ላብራቶሪ በክብደት መዝኖ ይዘራና «በግራም ይህን ያህል ጤናማ ችግኝ» ብሎ ይጽፋል። መለያችሁም እንደዚያው ይበል፤ በመቶኛ የተጻፈ የባሕር ዛፍ ብቅለት ከምን ላይ እንደተቆጠረ ጠይቁ።

የከረመ ዘር፦ የብቅለት ቁጥር ያለ ምርመራ ቀን ዋጋ የለውም። በደንብ ለሚደርቁ ዘሮች፣ እንደ ግራርና ባሕር ዛፍ ላሉት፣ እርጥበት በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ የመጋዘኑ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚሁ። ከ5 እስከ 8 በመቶ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ከተቻለ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩ። ኮምቦልቻ ላይ በቆርቆሮ ክዳን መጋዘን ውስጥ በጆንያ የከረመ ግራቪሊያ የአምናውን ቁጥር ይዞ ሊሸጥ አይገባም። እንደገና ይመርመር፤ አሮጌው መለያ ይነሳና አዲስ ቀን ያለው ይታሰር፤ የሎት ቁጥሩ ግን አይቀየር። ጥቁር እንጨትና ዝግባ ግን ሌላ ናቸው፤ ከልክ በላይ ማድረቅ ይገድላቸዋል፣ ቶሎም ይበላሻሉ። እነሱን በትዕዛዝ ለቅማችሁ ወዲያው አስረክቡ።

እናት ዛፍ

መደባለቁን አይሆንም እላለሁ። ከተደባለቀ በኋላ ምንጩ የሁለቱም አይደለም፤ ገዢው ከፍታውን ሊያመዛዝን አይችልም፣ ችግኙ ባይጸድቅ ወደኋላ ተመልሶ ምክንያቱን የሚያገኝ የለም። ሎት ማለት አንድ ምንጭ፣ አንድ የመልቀሚያ ወቅት ነው። ትንሽ ከሆነም ትንሽ ሎት ይሁን፤ 3 ኪሎም ሎት ነው።

መለያውን እንዲህ አድርጉት፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፦

የዛፉ ስም፦ የሐበሻ ጥድ፣ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ
የሎት ቁጥር፦ ጥድ-ኩታ-01
የተለቀመበት፦ ደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ወረዳ፣ ቀበሌ ___፣ የጂፒኤስ ነጥብ ___
ከፍታ፦ 2,700 ሜትር
ምንጭ፦ የተፈጥሮ ደን፣ ምንጩ የታወቀ
እናት ዛፎች፦ 30
የተለቀመበት ወርና ዓመት፦ ___
ንጽህና 90%፣ ብቅለት 40%፣ እርጥበት 8%
በኪሎ የንጹሕ ዘር ብዛት፦ 45,000
የተመረመረበት ቀንና ላብራቶሪ፦ ___
የተጣራ ክብደት፦ 1 ኪ.ግ
ኬሚካል፦ አልተቀባም
አቅራቢና የብቃት ማረጋገጫ ቁጥር፦ ___

በእስክሪብቶ ከሆነ ውኃ ያጠፋዋልና በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከረጢቱ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ ከአፉ ጋር አብሮ ይሰፋ። የውጪው ሲቀደድ የውስጡ ይቀራል።

ደንብና መመሪያ (ደሴ)

«ኬሚካል» የሚለውን መስመር አትዝለሉት። ዘሩ በፀረ ተባይ የተቀባ ከሆነ የመድኃኒቱ ስምና «ለምግብና ለመኖ አይውልም» የሚል ማስጠንቀቂያ በጉልህ ይጻፍ፤ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ወደ ቤት የሚወስደው ሰው አለ።

በተጨማሪ መዝገብ ክፈቱ። በሎት ቁጥር ሥር የለቀማ ፈቃዱ፣ የላብራቶሪው ውጤት፣ ከእያንዳንዱ ሎት ለማን ስንት ኪሎ እንደተሸጠ ይስፈር። ከየሎቱም ትንሽ ናሙና አሽጋችሁ አስቀሩ። ገዢ «ዘሩ አልበቀለም» ብሎ ሲመጣ ጥፋቱ የዘሩ ይሁን የመደቡ፣ የጥልቀቱ ወይም የውኃው የሚለየው ያቺ የቀረች ናሙና እንደገና ተመርምራ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ለብቃት ማረጋገጫው ማመልከቻውን አሁን አስገቡ፤ ባለሙያ መጥቶ መጋዘኑን እስኪያይ ጊዜ ይወስዳል፣ የጥዱ ፍሬ ደግሞ እናንተን አይጠብቅም።